አዋሽ ሰባት፤ ባቡር ያድርባት የነበረች ከተማ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ አገሩን ሊያይ ሲነሣ፣ ልቡ አስቀድሞ የሚያስበው ስመ ጥር የሆነውን ስፍራ ነው። አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርን ለማየት ብዙ ሰው ይደክማል፤ ድካሙም የተገባ ነው። ነገር ግን በአገራችን ታሪክ ውስጥ ብዙ አገልግለው ዛሬ መንገደኛው ዘወር ብሎ እንኳ የማያያቸው ትናንሽ ስፍራዎችም አሉ። በዚህ ዓመት ከቤተሰባችን ጋር ሄደን የጎበኘነው የአዋሽ ሰባት የምድር ባቡር ጣቢያ ከነዚህ አንዱ ነው። ያየነውንና ስለ ስፍራው የምናውቀውን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ መስሎ ስለ ታየን ይህን ጽፈናል።

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥተን፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አልፈን ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ወረድን። የመኪናው መንገድና የቀድሞው ሐዲድ በብዙ ቦታ ተቀራርበው ስለሚሄዱ፣ ልጆቻችን በመስኮት እየተመለከቱ ሐዲዱን ይፈልጉ ጀመር። አንዳንድ ስፍራ ሣር ውጦት፣ አንዳንድ ስፍራ አፈር ሸፍኖት፣ አንዳንድ ስፍራም ብረቱ ፈጽሞ ተነሥቶ ዱካው ብቻ ቀርቶ አገኙት። መተሐራ ስንደርስ የበሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ጠበቀን። ይህ ሐይቅ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ እየሰፋ ስለ ሄደ፣ መንገዱም ሐዲዱም በውሃ እንዳይዋጡ አፈር እየተደለደለ ከፍ እንዲሉ ተደርጓል። ከሐይቁ ማዶ የፈንታሌ ተራራ ቆሟል፤ በግርጌውም ጥንት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ተከምሯል። ሐዲዱን የዘረጉ ሰዎች በእጅ መሣሪያና በባሩድ እንዲህ ያለውን ምድር እየሰነጠቁ እንዳለፉ ለልጆቻችን ስንነግራቸው፣ ከመካከላቸው ታናሹ፣ «ታዲያ ለምን ተውት?» ሲል ጠየቀን። ወዲያው የምንመልሰው አላገኘንም፤ መልሱን ፍለጋ ግን ቀኑን ሁሉ ይዘነው ዋልን።

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ አዋሽ ሰባት ደረስን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከደጋ ለመጣ ሰው ሙቀቷ ይከብዳል። በዋናው መንገድ ላይ ከባድ መኪናዎች ያለ ማቋረጥ ያልፋሉ። ከዚህ ሁካታ ጥቂት ፈቀቅ ብለን ወደ ጣቢያው ስንገባ ግን ጸጥታ ተቀበለን። የመሳፈሪያው መደብ እንዳለ ነው፤ ሐዲዱም ከፊቱ ተጋድሟል፤ ነገር ግን መሳፈሪያው ላይ ሻንጣውን ይዞ የሚጠብቅ ሰው የለም። በመደቡ ላይ ፍየሎች በጥላው ተኝተው ያመሰኳሉ።

ይህ ጣቢያ ለምን በዚህ ስፍራ እንደ ተሠራ ለመረዳት፣ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከሸዋ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚሄድ ነጋዴ በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ብዙ ሳምንታት ይጓዝ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ችግር ለማስወገድ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር እንዲዘረጋ ፈቃድ ሰጡት። እርሱም ከፈረንሳዊው ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ተራራው እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ተቈረቈረች። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጥረትና በኃያላን መንግሥታት ፉክክር ምክንያት ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ የመጀመሪያውም ኩባንያ ፈረሰ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱን ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ቀጠለ፤ የአዋሽን ገደል በብረት ድልድይ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሰው። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ነበር።

አዋሽ ሰባት የምድር ባቡር ልጅ ናት ማለት እውነት ነው። ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ነበርና ነው። ሌሊቱን በዚያ ምድረ በዳ መጓዝ አደገኛ ስለ ነበረ፣ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። መንገደኛ ካደረ ደግሞ እራት ይፈልጋል፤ አልጋ ይፈልጋል፤ መታጠቢያ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጣቢያው አጠገብ «ቡፌ» የሚባለው የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ወተት ሻጯ፣ ተሸካሚው፣ ባለ ሱቁ ሁሉ ባቡሩን ተከትለው መጡ። አፋሩ ከብቱንና ፍየሉን እየነዳ፣ ኦሮሞው እህሉን ጭኖ፣ አማራውና ጉራጌው ለንግድ፣ የመንና ግሪክ ሱቅ ሊከፍቱ ተሰበሰቡ። እንዲህ ሆኖ ከአንድ ሌሊት ማደሪያ ከተማ ተወለደ።

ቡፌውን ገብተን አየነው። በግቢው ውስጥ ቡገንቪሊያ ተንሰራፍቶ አብቧል፤ ከጥላው ሥር ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። በዚህ ግቢ ስንት ዓይነት ሰው እንዳደረ ማሰብ የሚያስደንቅ ነው። ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር የሚልክ ነጋዴ፣ ጨውና አቡጀዲ ይዞ የሚመለስ ነጋዴ፣ ከውጭ አገር የተላከ መልእክተኛ፣ ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ወጣት፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር አንድ ሌሊት ጎረቤት ሆነው ያድሩ ነበር። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚነሡ ኢትዮጵያውያንም መንገዳቸው በዚህ ሐዲድ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በመርከብ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ አገሮች ሲሄዱ የተነሡት በዚሁ ባቡር ነው። በኋላም ዘመን፣ የቁልቢ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ከአዲስ አበባ የሚነሣ ምእመን ስለቱን ይዞ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ይጓዝ ነበር። ከአንባቢዎቻችን መካከል በልጅነታቸው በእናታቸው ጉልበት ላይ ተቀምጠው ያን መንገድ የሄዱ እንደሚኖሩ አንጠራጠርም።

ከቡፌው ወጥተን ወደ ገደሉ ሄድን። የአዋሽ ወንዝ በዚህ ስፍራ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይፈስሳል፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ውሃው ከታች እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ብዙ አገር አጠጥቶ በመጨረሻ በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ጠረፍ ባለው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። ወንዙ ያልደረሰበትን ባሕር ባቡሩ ደርሶበታል። አባቶቻችን ለዚህ ሐዲድ ያን ያህል መድከማቸው አገር ያለ ባሕር በር እንዴት እንደምትታፈን ስላወቁ ነው።

ይሁን እንጂ ሐዲድ ደስታን ብቻ አይጭንም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ሽንፈት በኋላ በዚህ ባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደው ከዚያ በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ። ባቡራቸው በአዋሽ ድልድይ ላይ ሲያልፍ የነበረውን ኀዘን መገመት አያዳግትም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያን ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፈረሰ፤ ነገር ግን ተከታትሎት የመጣው ጦር ወንዙን ተሻግሮ በዚያው ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ገባ። ድልድዩም በኋላ ተጠግኖ ባቡሩ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈውን ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ድልድዩ ካለበት መታጠፊያ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ወደ ገደሉ ወደቁ። በባቡሩ ላይ 1,000 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ከነዚህ ቢያንስ 428ቱ ሞቱ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ የከፋው ይህ እንደ ሆነ ይነገራል። ባቡሩ በመታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ለአደጋው ምክንያት ሆኖ ተጠቅሷል። ዘመኑ የታላቁ ረኀብ ዘመን ስለ ነበረ፣ የዚህ አደጋ ወሬ በሌላው መከራ መካከል ተውጦ ቀረ። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ከነጭራሹ አልሰሙትም። እኛም ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ለሞቱት ሁሉ «ነፍስ ይማር» ብለን ጸለይን፤ ልጆቻችንም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

ወደ ጣቢያው ስንመለስ በመደቡ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ሰላምታ ሰጥተን ከአጠገባቸው ተቀመጥን። ለብዙ ዓመታት በምድር ባቡር ሥራ ላይ የነበሩና በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የድሮ ሰዎች የምድር ባቡሩን በፈረንሳይኛ ስሙ «ሽመንደፈር» እያሉ ይጠሩት እንደ ነበር ሁሉ፣ እርሳቸውም እንዲሁ ይጠሩታል።

«አባባ፣ ባቡሩ ይናፍቅዎታል?» ስንል ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ ባቡሩስ ብረት ነው፤» አሉን። «እኔን የሚናፍቀኝ ሰዓቱ ነው። በዚህ ከተማ ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ሴቶቹ ወጥ የሚጥዱት፣ ልጆቹ ከጨዋታ የሚመለሱት የባቡሩን ጡሩንባ ሰምተው ነበር። ጡሩንባው ሲነፋ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው ነገር ነበረው፤ ዘመድ የሚጠብቅ፣ ደብዳቤ የሚጠብቅ፣ ሸክም የሚጠብቅ። አሁን መኪናው ቀን ከሌሊት ያልፋል፤ ነገር ግን ማንንም አይጠብቁትም።»

ስለ 1977ቱ አደጋ ስናነሣባቸው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም በምርኩዛቸው ወደ ገደሉ አቅጣጫ እያመለከቱ፣ «እዚያ ሄዳችሁ ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁን። «አዎን፣ ሄደን ነበር» አልናቸው። «ደግ አደረጋችሁ» አሉ፤ ሌላ ቃልም አልጨመሩም።

እንግዲህ የልጃችን ጥያቄ፣ «ለምን ተውት?» የሚለው፣ መልስ ይሻል። እንደ ተረዳነው ከሆነ ጣቢያው በአንድ ቀን አልተዘጋም። በመጀመሪያ «ሊቶሪና» የሚባለው ፈጣን ባቡር መጣ፤ በ1940ዎቹም ዓመታት በእንፋሎት የሚሄዱት ሎኮሞቲቮች በናፍጣ በሚሠሩ ተተኩ። ጕዞው ሲፈጥንና ሌሊትም መሄድ ሲቻል በአዋሽ የግድ ማደር ቀረ፤ ቡፌውም ከማደሪያነት ወደ ማረፊያነት ዝቅ አለ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ወረራ ጊዜ ሐዲዱ በምሥራቅ በኩል ተጐዳ። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በሙሉ ማለት ይቻላል በጅቡቲ በኩል መሆን ቢጀምርም፣ ዕቃውን የተሸከሙት በአስፋልት የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ሆኑ። ሐዲዱ አርጅቶ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ የተጀመረውም ጥገና ሳይፈጸም ቀርቶ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። የአዋሽ ጣቢያም በዚያን ጊዜ ጸጥ አለ።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የምድር ባቡር ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ። በአዲሱ መስመር ሁለት ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለ ሆነ፣ የድሮዎቹ ፉርጎዎች በእርሱ ላይ ሊሄዱ አይችሉም። አዲሱም ጣቢያ የተሠራው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። ይህ ለአገር የሚጠቅም ታላቅ ሥራ ስለ ሆነ በእርሱ ደስ ሊለን ይገባል እንጂ ልናዝን አይገባም። ቀድሞ ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ ዛሬ በአንድ ቀን ይገሠገሣል። ሰው አዲስ ቤት ሲሠራ አሮጌውን ቤት ትቶ ይወጣል፤ ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ በአሮጌው ቤት የተቀመጠውን የአባቱን ዕቃ ሳያወጣ፣ ሳይቈጥር፣ ማን እንደ ወሰደው እንኳ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

አሮጌው ቤታችን ደግሞ ብዙ ዕቃ አለበት። በአዲስ አበባ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ የሰፈሩም ስም የመጣው ከፈረንሳይኛው የጣቢያ መጠሪያ ነው። የድሬዳዋው ጣቢያና የጥገና ስፍራም በጎብኚዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እንደ አዋሽ ያሉት ትናንሽ ጣቢያዎች ግን ጠያቂ የላቸውም። የሐዲዱ ብረት በብዙ ስፍራ እየተነቀለ ሄዷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ እየተደጋገመ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ምድሪቱ እንዲህ በምትናወጥበት አገር መቶ ዓመት የሞላው ግንብ ያለ ጠባቂ ለዘላለም ይቆማል ብሎ መተማመን አይቻልም። በእርግጥ ከግንቡ በፊት የተፈናቀለውን ሰው ማሰብ ይገባል፤ ነገር ግን ሰውም ወደ ቀየው ሲመለስ የሚያውቀውን ምልክት ይፈልጋል።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ሕንፃውን መጠገን የመንግሥትና የባለሀብት ሥራ ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ እንችላለን። ግንቡን ማቆም ከአቅማችን በላይ ሊሆን ይችላል። በቤታችን ያለውን ግን እኛው ልንጠብቅ እንችላለን። በየቤታችሁ በሣጥን ውስጥ የቀረ የባቡር ቲኬት፣ ከፉርጎ ፊት የተነሣ ፎቶግራፍ፣ የአያት የሥራ መታወቂያ ወረቀት ይኖር ይሆናል። አውጥታችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ ከጀርባው ማን እንደ ሆነና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ ጻፉበት። በሐዲዱ ላይ የሠሩ፣ ለቁልቢ የተጓዙ፣ በ1977ቱ አደጋ ወገን ያጡ አረጋውያን ገና በመካከላችን አሉ። በበዓል ቀን ቡና ሲፈላ አንድ ጊዜ ጠይቋቸው፤ ልጆችም ይስሙ። የሽማግሌው ዝምታ እንዳስተማረን፣ ሳይጠየቅ የማይነገር ታሪክ አለ፤ ዛሬ ካልጠየቅነው ነገ የሚመልስልን አይኖርም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ለመሄድ ተነሣን። ሽማግሌው እስከ መኪናችን ድረስ ሸኙን። በድሮው ልማድ ከሆነ መንገደኛ ከዚህ የሚነሣው በማለዳ እንጂ በምሽት አልነበረምና፣ «እደሩ እንጂ! አዋሽ የመጣ እንግዳ ሳያድር አይሄድም ነበር፤» አሉን። እኛም አመስግነን፣ ሌላ ጊዜ መጥተን እንደምናድር ቃል ገባንላቸው። ታናሹ ልጃችን ግን መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ጣቢያው ከዐይኑ እስኪሰወር ድረስ ሲመለከት ቆየ። «ለምን ተውት?» ብሎ ዳግመኛ አልጠየቀንም። «መቼ ነው ተመልሰን የምናድረው?» ሲል ጠየቀን እንጂ።